የቤታችን ደረጃ ዝቅ ይበልልን

ጥቅምት 4፣ ሰኞ

ከሥራ በቀጥታ ወንድሜ ቤት። እማዬ መስኮቱ ሥር ተቀምጣ ከስድስተኛ ፎቅ መንገዱን ቁልቁል ታያለች። ጉልበቷን ቀዶ ሕክምና ካደረገች ሁለት ወር ከሳምንት ሆናት። ሐኪሙ "በደንብ ይራመዱ፣ ደረጃ መውጣትና መውረድ ብቻ ይቅርብዎ" ብሏታል። የእኛ ቤት ደግሞ ከመንገዱ እስከ በሩ ዘጠኝ የድንጋይ ደረጃ አለው። አንዱ ከአንዱ የባሰ፣ መደገፊያ የለው ምን የለው። ስለዚህ እሷ እዚህ ታግታ፣ እኔ እዚያ ብቻዬን።

"ዛሬስ ወረድሽ?"

"በምን ልውረድ?"

"በሊፍት ነዋ!"

"ሣጥን ውስጥ ቆሜ አልገባም። ጊዜው ሲደርስ ተኝቼ እገባለሁ።"

ወንድሜ ከጓዳ ሆኖ ይንከተከታል። እኔ አልሳቅሁም... እሺ፣ ሳቅሁ። በኋላ ግን በረንዳ ላይ ነጥሎ አስቀረኝ። እስከ ጥር መላ ካልተገኘ እዚሁ ትቅር፣ ቤቱን እናከራየው፣ አንቺም እዚሁ አቅራቢያ ቤት ፈልጊ። በሹክሹክታ ነው ያወራው። እሷ ግን ጉልበቷ እንጂ ጆሮዋ አልታመመም። ስሰናበታት እጄን ጥብቅ አድርጋ ይዛ "ቤቴ መቼ ነው የምገባው?" አለችኝ።

ጥቅምት 6፣ ረቡዕ

ግንበኛ አመጣሁ። ደረጃውን አየ፣ አንዱ ላይ ተቀመጠ፣ በመዳፉ መታ መታ አደረገው። ከድንጋይ ጋር የሚያወራ ሰው ነው። "አንተ ደግሞ ምን አስረዘመህ?" ይለዋል።

"ዝቅ ዝቅ አድርጌ አሥራ አራት አደርገዋለሁ፣ የእጅ መደገፊያ ብረት እተክላለሁ። አራት ቀን።"

ልስመው ምንም አልቀረኝ።

"ፈቃድሽን ግን አሳይኝ።"

"የምን ፈቃድ? ለገዛ ደረጃዬ?"

"አይ እህቴ! ይሄ ሰፈር ታሪካዊ ነው ተብሎ ከተከለለ ወዲህ እኮ ስታስነጥሺም አስፈቅደሽ ነው።" ከቦርሳው ሲሚንቶ የጠጣ መጽሐፍ አወጣ። የእድሳትና የጥገና መመሪያ።

ጥቅምት 7፣ ሐሙስ

መመሪያውን አነበብኩ። ሃያ ሁለት ገጽ፣ አሥራ አራት የፊደል ግድፈት። በቀይ አረምኩላቸው። ማተሚያ ቤት አሥራ ዘጠኝ ዓመት አራሚ ሆኖ የሠራ ሰው ምን ያድርግ?

የተሰበረ መስታወት በተመሳሳዩ መተካት፣ ያለ ፈቃድ ይቻላል። ጣሪያ በሸክላ ብቻ። የቴሌቪዥን ሳህን ከመንገድ መታየት የለበትም። የውጭ ቀለም ከሦስት አንዱ፦ ነጭ፣ ክሬም፣ "የደበዘዘ ቢጫ"። ደብዝዞ ይገዛል ወይስ ተቀብቶ እስኪደበዝዝ ይጠበቃል? ለማንኛውም ሰንጠረዥ መጨረሻው ላይ አለ። ሰንጠረዥ ስለማልወድ ዘለልኩት።

ጥቅምት 8፣ አርብ

ማመልከቻ አስገባሁ። ሌላው ሰው ሦስት ገጽ ተሸክሞ ተሰልፏል። የኔ አንድ ዐረፍተ ነገር! እዚህ ልገልብጠው፣ ኮርቼበታለሁ፦

"የቤታችን ደረጃ ከፍተኛ በመሆኑ እናታችን ስለተቸገሩ ዝቅ እንዲልልን በትሕትና አመለክታለሁ።"

እንዲህ ነው መጻፍ። አንድ ትርፍ ቃል የለበትም።

ጥቅምት 18፣ ሰኞ

ፈጣን ናቸው! ጠዋት በራችን ላይ ማስታወቂያ ተለጥፏል። "የዚህን ቤት ደረጃ ዝቅ ለማድረግ ጥያቄ ስለቀረበ ተቃውሞ ያለው በአሥር ቀን ውስጥ ያሳውቅ።" ማንስ ምን ብሎ ይቃወማል?

ሳሙና ልገዛ ባለሱቁ ጋ ጎራ አልኩ። ፊቱ ጠቁሯል።

"እውነት ነው? ዝቅ ልታስደርጉት ነው?"

"አዎ፣ ለእማዬ ብለን።"

"ከዚያ ይፈርሳል ማለት ነው?"

"ሳይፈርስማ እንዴት ይሆናል? ግንበኛው አራት ቀን ይበቃኛል ብሏል።"

"አራት ቀን! ያን የመሰለ ቤት!"

የብሬን መልስ ሲሰጠኝ እንኳ ዞር ብሎ አላየኝም። ምን ነካው? ማዶ ያሉት እትዬም መጋረጃቸውን ገለጥ አድርገው ሲያዩኝ ነበር። ጎረቤታችን ናቸው፣ በእኛና በእሳቸው መካከል ያለው አንድ ጠባብ ቅያስ ነው። ከእማዬ ጋር ግን ከአርባ ዓመት በላይ አይነጋገሩም። ለምን እንደሆነ እናቴ ተናግራ አታውቅም። እኔም ከልጅነቴ ጀምሮ "እትዬ መጋረጃ" ነው የምላቸው፣ በሆዴ።

ጥቅምት 20፣ ረቡዕ

ወይኔ ጉዴ።

ደብዳቤ መጣ። "ቤትዎ በአንደኛ ደረጃ ታሪካዊ ቤትነት የተመዘገበ ነው። ደረጃው ዝቅ የሚለው ታሪካዊ ዋጋውን ማጣቱ ሲረጋገጥ ብቻ ነው። እናትዎ ቤቱ ከፍተኛ ደረጃ በማግኘቱ የተቸገሩበት ምክንያት ግልጽ ስላልሆነልን አጣሪ ኮሚቴ ይመጣል።"

ደረጃ! የዘለልኩት ሰንጠረዥ የቤቶች ደረጃ ነበር! አንደኛ፣ ሁለተኛ፣ ሦስተኛ። እኔ የምረግጠውን ደረጃ ስል እነሱ የማዕረጉን... ሰፈሩ ሁሉ ደግሞ ቤቱን ከመዝገብ አስፍቀን ልንንደው መስሎታል። ባለሱቁ! "አራት ቀን ይበቃዋል" ያልኩት! አፈር ልብላ።

ለወንድሜ ደውዬ አነበብኩለት። ዝም አለ፣ መስመሩ የተቋረጠ መስሎኝ ነበር። ለካ ትንፋሽ አጥሮት ነው። "እማዬ፣ ነይ ስሚ፣ ቤትሽ ሹመት በዝቶበት ተቸግረሻል አሉ!" ይላል። አለቃዬም ሰማ። "እኔ እንዲህ ያለ ነገር አሳልፌ ቢሆን ኖሮ በቁሜ ነበር የምትቀብሪኝ" አለ። እውነቱን ነው።

ጥቅምት 21፣ ሐሙስ

ማመልከቻዬን ላነሣ ጽሕፈት ቤቱ ሄድኩ። የምታስተናግደው አንገቷ ላይ ሜትር ያጠለቀች፣ ቀጥ ያለች ሴት ናት። ወይዘሮ ሜትር ብያታለሁ። አስረዳኋት። ፈገግታ የሚባል የለም።

"የተከፈተ ጉዳይ በምርመራ ነው የሚዘጋው።"

"እኔ እኮ የድንጋዩን ደረጃ ነው..."

"የድንጋዩማ የፊት ገጽታ ነው። በአንደኛ ደረጃ ቤት የፊት ገጽታ ላይ አንድ ጠጠር አይነካም። መደገፊያ ብረትም አይተከልም።"

"እናቴስ?"

ሜትሯን ጠቀለለች፣ ፈታች። "መመሪያው ስለ እናት አይልም፣ እህቴ" አለች። በክፋት እንዳልሆነ ገብቶኛል። ቢሆንም ወደ ቤት ተመልሼ ዘጠነኛው ደረጃችን ላይ ተቀምጬ አለቀስኩ። ሰዉ ሲያልፍ ያየኛል፣ ይየኝ። በቃ፣ ጥር ሊመጣ ነው፣ እማዬም ከዚያ ፎቅ ላትወርድ ነው።

ጥቅምት 29፣ አርብ

ኮሚቴው መጣ። ወይዘሮ ሜትርና ሁለት ሰዎች። ሁለቱ ሥራቸው መነቅነቅ ነው፣ እሷ በተናገረች ቁጥር ሁለቱም ራሳቸውን ይነቀንቃሉ። ግንበኛውን ለምኜ አስመጥቼው ነበር፣ ዕቃ ከተነሣ እንዲያግዝ።

ግድግዳ በግድግዳ መረመረች። ስንጥቅ፣ እርጥበት፣ ልስን። እኔ እንደ ጥፋተኛ ተማሪ ከኋላ ከኋላ። ሳሎን ደረስን።

"ይህ ብፌ ይነሣ።"

እናቴ ብፌውን ማንም እንዲነካው አትፈቅድም። ከማስታውሰው ጊዜ ጀምሮ እዚያው ግድግዳ ላይ ተጣብቆ የኖረ ነው። ሳህኑን አወጣን፣ ብርጭቆውን አወጣን፣ ሁለቱ ነቅናቂዎችና ግንበኛው "አንድ! ሁለት!" ብለው ጎተቱት። አቧራው! አንደኛው ነቅናቂ ሲያስነጥስ፣ ግንበኛው ዞር ብሎ አየኝና ዓይኑን ጠቀሰኝ።

ከዚያ ግድግዳውን አንኳኳ። ጆሮውን አስጠጋ። እንደገና አንኳኳ።

"ይሄ የሌላው ድምፅ የለውም። ባዶ ድምፅ ነው።"

ወይዘሮ ሜትር አስፈቀደችውና በመሮ ልስኑን ትንሽ ላጥ አደረገው። ከላይ የተጋደመ ወፍራም እንጨት ብቅ አለ። ከጎን ደግሞ መቃን። በር! ቤታችን ውስጥ አርባ ሦስት ዓመት ስኖር የማላውቀው በር!

ወይዘሮ ሜትር ሮጣ ወጣች (ሮጠች ስል ሮጠች)፣ ቅያሱን ለካች፣ ተመለሰች። ቤታችን ዳገት ላይ ስለሆነ በፊት ለፊት ዘጠኝ ደረጃ ያለው ወለል በጎን በኩል ከቅያሱ ጋር እኩል ሊሆን ምንም አልቀረው።

"አሥራ አንድ ሴንቲ ሜትር" አለች። ፈገግ አለች! ጥርስ አላት! "አንቀጽ ሠላሳ አንድ። የነበረን መመለስ ለውጥ አይደለም። ይፈቀዳል።"

ሁለቱ ነቀነቁ። እኔ አቀፍኳት። ሜትሩ አንገቴ ላይ ተጠመጠመ።

ሁለት ነገር ግን ይቀራል። ቅያሱ የጋራ ስለሆነ ማዶ ያሉት ጎረቤት መፈረም አለባቸው። በሩም ልክ እንደነበረው መሆን አለበት፣ ስፋቱም እንጨቱም አከፋፈቱም።

ማዶ ያሉት ጎረቤት... እትዬ መጋረጃ! ይኸው ነው የኔ ዕድል።

ጥቅምት 30፣ ቅዳሜ

እማዬን ጠየቅኋት። መጀመሪያ ወሬ ለወጠች። ቀጥሎ የምራቷን መጋረጃ አደነቀች፣ ሁልጊዜ የምታማውን። በመጨረሻ፦

"ማነው ብፌዬን ያነሣው?"

ቀስ በቀስ ወጣ። እኔ የሦስት ዓመት ልጅ ሳለሁ ነው። እትዬ ያጠቡትን አንሶላ ቅያሱ ላይ ያሰጣሉ። የእኛ በር ወደ ውጭ ስለሚከፈት እማዬ ስትወጣ በበሩ ገመዱን ትመታዋለች፣ አንሶላው ጭቃ ላይ። አንዴ፣ ሁለቴ። በሦስተኛው እትዬ መጡና "ይህ በር ወደ ውስጥ ነው መከፈት ያለበት! ድሮም እንደዚያ ነበር!" አሏት። እማዬ "በሬን አንቺ ልታስተምሪኝ ነው?" አለች። ተያያዙ። በማግስቱ አባቴን በሩን ድፍን አስደረገችው።

"በአንሶላ?" አለ ወንድሜ። "አርባ ዓመት በአንሶላ?"

"ሁለት አንሶላና አንድ የትራስ ልብስ" አለች እማዬ፣ ኮስተር ብላ።

ኅዳር 3፣ ማክሰኞ

እትዬ ዘንድ ሄድኩ። አስገቡኝ። ወንበሩ ከመስኮቱ ፊት ለፊት ነው፣ ለካ ዓይናቸው ደክሞ ነው መጋረጃውን የሚገልጡት፣ ብርሃን ፈልገው። አፈርኩ።

"እናትሽ እንዴት ናት?" አሉ። ወዲያው ግን ኮስተር። "በሩ ወደ ውስጥ የሚከፈት ከሆነ እፈርማለሁ። ወደ ውጭ ከሆነ ግን ከቀብሬ መልስ ሥሩት።"

"እትዬ፣ አሁን እኮ ልብስ ማጠቢያ ማሽን አለዎት፣ የሚያሰጡትም በረንዳ ላይ ነው።"

"የልብስ ነገር አይደለም ልጄ። የልክ ነገር ነው።"

ኅዳር 5፣ ሐሙስ

ግንበኛው ድንጋዮቹን አንድ በአንድ አወጣ፣ እያንዳንዱን "ይቅርታ ወንድሜ፣ ቦታህ አይደለም" እያለ። ወይዘሮ ሜትር መጣች። መቃኑ ላይ የማጠፊያ ምልክት ተገኘ። ደስ ብሎን ሳንጨርስ ሌላ ተገኘ፣ በሌላው ጎን። አንዱ ወደ ውስጥ የሚያስከፍት፣ አንዱ ወደ ውጭ።

"የትኛው ነው የመጀመሪያው?"

ግንበኛውም እንጨቱን ጠየቀው። እንጨቱም አልመለሰ። መመሪያው ደግሞ ምልክት ሲያወዛግብ ቤቱን የሚያውቅ ሰው በጽሑፍ ይመስክር ይላል። አባቴ የለም። እትዬ ራሳቸው ፈራሚ ስለሆኑ ምስክርነታቸው አይያዝም፣ ሌላ ቤቱን ያኔ የሚያውቅ የቀረ ሰው አንድ ነው። እሱም ስድስተኛ ፎቅ ላይ ነው ያለው።

ኅዳር 7፣ ቅዳሜ

"አላስታውስም" አለች።

እናቴ! የአራተኛ ክፍል ፈተናዬን ውጤት የምታስታውስ! ወንድሜ በየትኛው ወር ጥርስ እንዳወጣ፣ የመጀመሪያ ጥርሱ የትኛው እንደሆነ የምታስታውስ!

"ወደ ውስጥ ነበር ብትይ ቤትሽ ትገቢያለሽ እኮ እማዬ።"

"አላስታውስም አልኩ።"

ኅዳር 9፣ ሰኞ

ዛሬም አታስታውስም።

ኅዳር 11፣ ረቡዕ

ሐኪሙ ተቆጣ። ጉልበቷ እየደረቀ ነው፣ መራመድ አለባት፣ ከበር እስከ ሶፋ መመላለስ መራመድ አይባልም አለ። እሷ ወለሉን ታያለች። ያ ቀጥ ያለ አንገቷ ተደፍቷል። ወንድሜ ወደ በረንዳ ወጣ። ከምንም በላይ ያስፈራኝ እሱ አለመቀለዱ ነው።

ኅዳር 14፣ ቅዳሜ

ሥራ ላይ ነኝ፣ ግማሽ ቀን። ስልክ ጮኸ።

"ወረቀት አለሽ?"

"እማዬ፣ ማተሚያ ቤት እኮ ነው ያለሁት።"

"ጻፊ እንግዲህ። ቃሌን እንዳትለውጪ።"

ጻፍኩ። እንዳለችው ይኸው፦

"በሩ መጀመሪያ ወደ ውስጥ ነበር የሚከፈተው። አዲስ ብፌ ገዝቼ ቦታ ስለጠበበኝ ባለቤቴን ለምኜ ወደ ውጭ ያስገለበጥኩት እኔ ነኝ። ጎረቤቴ ልክ ነበረች። ያኔም አውቄው ነበር።"

እስክሪብቶዬን አስቀመጥኩ።

"ጨርሰሻል?"

"ጨርሻለሁ። ነገ አምጪውና እፈርምበታለሁ። ከዚያ ወስደሽ አንብቢላት።"

"ራስሽ ብትደውዪላትስ?"

"አንብቢላት አልኩሽ እኮ!" ጆሮዬ ላይ ዘጋችው።

እንባዬ መጣ። አለቃዬ "ማን ሞተ?" አለኝ። ማንም፣ አልኩት፣ ማንም አልሞተም።

ኅዳር 16፣ ሰኞ

ለእትዬ አነበብኩላቸው። ዓይናቸውን ጨፍነው ሰሙ።

"ድገሚው።"

ደገምኩ።

"መጨረሻዋን ብቻ።"

"ያኔም አውቄው ነበር።"

"አይ እሷ!" አሉና ሳቅ አመለጣቸው፣ እየሳቁ ዓይናቸውን በሻሻቸው ጠረጉ። "እኔ እኮ አርባ ዓመት ሙሉ ምናልባት ተሳስቼ ይሆን እያልኩ..." እስክሪብቶውን ከእጄ ወሰዱ፣ ወረቀቱን አፍንጫቸው ድረስ አስጠግተው ፈረሙ። ፊርማቸው ግማሽ ገጽ ወሰደ።

"ቁጥሯን ደውዪና ስልኩን ስጪኝ። አንቺ ውጪ።"

ውጪ ተባልኩ፣ ወጣሁ። ቅያሱ ውስጥ ሃምሳ ደቂቃ ቆምኩ። ስልኩ የእኔ መሆኑን ሁለቱም ረስተውታል።

ኅዳር 26፣ ሐሙስ

ፈቃዱ ወጣ። ወይዘሮ ሜትር ራሷ አመጣችው። በቀይ ያረምኩትን መመሪያም ሰጠኋት፣ አሥራ አራቱን ግድፈት። አገላብጣ አየችና "አሥራ አምስት ነው፣ ገጽ ዘጠኝ" አለች። ወደድኳት።

ባለሱቁም ነገሩ ገባው። ለሚገባ ለሚወጣው ደንበኛ ሁሉ ያወራዋል፣ "ደረጃ" ሲል እጁን አንዴ ወደ እግሩ አንዴ ወደ ሰማይ እያደረገ።

ታኅሣሥ 9፣ ረቡዕ

በሩ ቆመ። አሮጌ እንጨት፣ በድሮው ስፋት፣ ወደ ውስጥ የሚከፈት። ብፌው ሌላ ግድግዳ አገኘ፣ ሳሎኑ ጠበበ፣ ይጥበብ። ቀለሙ የደበዘዘ ቢጫ ነው። ደብዝዞ ነው የሚሸጠው፣ ተጣርቷል።

ታኅሣሥ 12፣ ቅዳሜ

እማዬ ገባች።

ወንድሜ በሊፍት አወረዳት፣ ዓይኗን ጨፍና እጁን ቆንጥጣ ይዛ። መኪናው ከቅያሱ አፍ ቆመ። ልንደግፋት ስንል በዱላዋ አራቀችን። እትዬ በራቸው ላይ ቆመዋል። ሁለቱ ተያዩ።

"ወፈርሽ" አለች እማዬ።

"አንቺ ደግሞ አጠርሽ" አሉ እትዬ።

ግንባር ለግንባር ተደጋግፈው ቆዩ። ከዚያ እማዬ ዞረች። አንድ እግር፣ ዱላው፣ ሌላው እግር። አሥራ አንድ ሴንቲ ሜትር! ሳሎኑ መካከል ቆማ ዙሪያውን አየች። "ብፌዬን የት አባታችሁ ነው ያደረጋችሁት?" አለች። ደስታዬ ቦታ አጣ፣ ወንድሜን በጥፊ ነው የመታሁት።

ጥር 6፣ ማክሰኞ

ከሥራ መጣሁ። ቤት ውስጥ ማንም የለም።

"እማዬ!" ጓዳ የለችም። መኝታ ቤት የለችም። ዱላዋም የለም። ወደቀች? ማን ወሰዳት? ወደ እትዬ ሮጥኩ፣ በራቸው ተቆልፏል። ለወንድሜ ደወልኩ፣ እሱም አያውቅም። "ልምጣ?" ይላል። ባለሱቁ ጋ ሮጥኩ። "ሁለቱም ቅድም ወደ ታች ሲወርዱ አይቻለሁ፣ ክንድ ለክንድ ተያይዘው፣ አንዷ ለሌላዋ እየጮኸች" አለ።

ወደ ታች? የት ነው ወደ ታች? እንግዲህ ምን ላድርግ፣ ተመልሼ ወንበር በሩ ላይ አውጥቼ ተቀመጥኩ። ተናደድኩ። ስልክ አትይዝም፣ አትናገር፣ ወረቀት አታስቀምጥ! ከዚያ ደግሞ ብቻዬን ሳቄ መጣ። እናቴ እንደ ልቧ ሄዳ እኔ ቤት ሆኜ ስጠብቃት... እንዲህ ከሆንን ስንት ጊዜያችን ነው?

ሊጨልም ሲል ከቅያሱ ጥግ ብቅ አለች። ዱላው ብብቷ ሥር ተሸጉጧል። ጫማዋ አቧራ ለብሷል፣ ጉንጯ ቀልቷል።

"የት ነበርሽ?" ጮህኩባት።

አልፋኝ ገባች።

"ውጭ" አለች።